ዘጠኝ ሜትር ላይ የቆመው የሽቦ መሳቢያ

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝ ጥያቄ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የቤቴን የመብራት ሥራ የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ቴክኒክና ሙያ ተምሬአለሁ። ከኮሪደሩ ጃንክሽን ቦክስ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ወደ ወጥ ቤት የሚሄድ ባለ 16 ቱቦ አለ። በሶሌታው፣ በኮንክሪቱ ጣራ ውስጥ ነው የተቀበረው፣ 14 ሜትር ገደማ ይሆናል። አሁን ለወጥ ቤቱ ሶኬት ሦስት ባለ 2.5 ሽቦ አለበት። ለምጣድ ሦስት ባለ 6 ልጨምርበት ብዬ ባለ 20 ሜትር የብረት ፊሽ ቴፕ (የሽቦ መሳቢያ) ገዛሁ። ዘጠኝ ሜትር ላይ ይቆማል። ገፋሁት፣ አዞርኩት፣ በመጨረሻ ጫፉ አካባቢ ታጠፈብኝ። ችግሩ ብረቱ ነው? ናይለን ልግዛ? ደግሞ የምሠራው መብራት ሲጠፋ ጠብቄ ስለሆነ ስለ አደጋው አያስቡ።»

ከመጨረሻዋ መስመር ልጀምር። «አያስቡ» አልከኝ፤ እኔ ግን ጥያቄህን ካነበብኩ ጀምሮ የማስበው እሱኑ ነው። የመብራት መጥፋትና መብራት ማጥፋት አንድ አይደሉም። አንዱን የምታደርገው አንተ ነህ። ሌላውን ማን እንዳጠፋው፣ መቼ እንደሚመልሰው አታውቅም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ደምበጫ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት እሠራ ነበር። የገበያ ቀን ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ባለቤቷ «ዛሬማ አይመጣም፣ ለምዶበታል» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። የእንጨት መሰላል ላይ ወጥቼ ከጣራው የመብራት ነጥብ ወደ ፓነሉ የብረት መሳቢያ መግፋት ጀመርኩ። ዋናው ብሬከር እንደበራ ነው። የጠፋን መብራት ምን ያጠፉታል ብዬ! መሳቢያው ፓነሉ ውስጥ ሲደርስ ይሰማኛል። ቀጭን ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮን በጥፍር ነካ ነካ እንደማድረግ። ወዲያው ውጭ ያሉ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ። ብልጭታውን ያየሁት ጩኸቱን ሰምቼ ሳልጨርስ ነው።

ዕድሌ ሆኖ የብረቱ ጫፍ ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ፣ እና የፓነሉን ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ነክቷል። ስለዚህ ሾርት አደረገና ብሬከሩ ወረደ። ፌዙን ብቻ ነክቶ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነበር። ያንን ጫፍ ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። አራት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ብረቱ ቀልጦ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ድቡልቡል ነገር ሠርቷል። የመሣሪያ ሳጥኔ ክዳን ላይ በናስትሮ ለጥፌዋለሁ። ተለማማጅ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሷን ነው።

እንዲያውም ልብ ብለህ ካየኸው መብራት ሲጠፋ ጠብቆ መሥራት ከሁሉም የከፋ ጊዜ መምረጥ ነው። ለምን መሰለህ? መብራት እያለ ብሬከር ስታወርድ ማረጋገጥ ትችላለህ። ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ታስገባለህ፣ ይበራል። ብሬከሩን ታወርዳለህ፣ ቴስተሩ ይጠፋል። ትክክለኛውን ብሬከር እንዳወረድክ አወቅህ ማለት ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት ግን ቴስተሩ የትም ብታስገባው አይበራም። የተሳሳተ ብሬከር አውርደህ ቢሆን የሚነግርህ የለም። ስለዚህ መብራት ባለበት ቀን ሥራ። መጀመሪያ ቴስተርህ የሚሠራ መሆኑን ኤሌክትሪክ እንዳለበት በምታውቀው ሶኬት ላይ አረጋግጥ፣ ብሬከሩን አውርድ፣ እንደገና ፈትሽ፣ ከዚያ ብሬከሩ ላይ ናስትሮ ለጥፍበት። ቤተሰቡንም ንገር። ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ብሎ ብሬከር የሚያነሳ ልጅ በየቤቱ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋናውን ብሬከር ብታወርድም ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ እስከ ብሬከሩ መግቢያ ድረስ ኤሌክትሪክ አለበት። 220 ቮልት፣ ምንም ሳይቀነስ። ስለዚህ ጫፉ ፓነል ወይም ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ በሚወጣ ቱቦ ላይ እኔ ብረት አልጠቀምም። ከደምበጫው ቀን ወዲህ ተጠቅሜም አላውቅ። እዚያ ናይለን ወይም ፋይበር ግላስ ነው የምልከው። ያንተ ቱቦ ከጃንክሽን ቦክስ ወደ ወጥ ቤት ስለሆነ ከዚህ ነፃ ነው፤ ከፓነሉ እስከ ጃንክሽን ቦክሱ ላለው ክፍል ግን አስታውሰው።

አሁን ወደ ዘጠኝ ሜትሩ።

አብዛኛው ሰው መሳቢያ ሲቆምበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኮንክሪት ነው። ሶሌታ ሲሞላ ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም መገጣጠሚያው ተላቅቆ ሲሚንቶ ገብቶበታል ይላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ያንተ ግን አይደለም። በቱቦው ውስጥ ሦስት ሽቦ አልፎ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሶኬት እያሠራ ነው ብለሃል። ሽቦ ያለፈበት ቱቦ አልተደፈነም። እንግዲህ ዘጠነኛው ሜትር ላይ ያለው ነገር ኤልቦ ነው፣ የቱቦው መታጠፊያ። ሦስቱ ሽቦዎች እዚያ ኩርባ ላይ ወደ ውስጠኛው ጎን ተወጥረው ተጣብቀዋል፤ የመሳቢያህ መንጠቆ በእነሱና በቱቦው ግድግዳ መካከል ገብቶ ተሰንቅሯል። አንተ ስትገፋው መንገድ አያገኝም፣ ይታጠፋል።

ይሄ ደግሞ መታጠፉ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ጠፍጣፋ ብረት ሹል ጠርዝ አለው። ኩርባ ላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ወዲያና ወዲህ ስታመላልሰው እንደ መጋዝ ነው። የአሮጌው ሽቦ ልባስ ተፍቆ ሊሆን ይችላል። ሽቦ ባለበት ቱቦ ብረት በጉልበት አይገፋም። ከእንግዲህ ያንን መስመር ሳትመረምር ብሬከሩን አታንሳ። ሦስቱንም ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ፍታና በሜገር (የሽቦ ልባስ መፈተሻ መሣሪያ) ለካቸው፣ እርስ በርስም ከመሬት ሽቦውም ጋር። በ500 ቮልት ሲለካ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማሳየት አለበት፤ ደህና ሽቦ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያሳያል። ሜገር ከሌለህ ካለው ባለሙያ ተዋስ። ተራ መልቲሜትር የተፋቀ ልባስ አያሳይህም፣ የተነካካ ሽቦ ብቻ ነው የሚያሳይህ።

እስቲ ደግሞ መሳቢያህ አለፈ እንበል። ሽቦው ይገባ ነበር? ስሌቱን አብረን እንሥራ። ባለ 16 ቱቦ የሚባለው 16ቱ በሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትሩ ነው፤ ውስጡ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የውስጡ ክፍት ቦታ 133 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ይሆናል። ባለ 2.5 ሽቦ ከነልባሱ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፣ ስለዚህ አንዱ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ቦታ ይይዛል። ባለ 6 ደግሞ ከነልባሱ 4.7 ያህል ነው፣ አንዱ ወደ 17 ይይዛል። ሦስቱ አሮጌዎች 30፣ ሦስቱ አዲሶች 51፣ በድምሩ 81። ከ133ቱ ከመቶ 60 አለፈ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ ሲኖር ባለሙያ የሚይዘው ልክ ከመቶ 40 ነው። የቀረው ክፍት ቦታ የባከነ እንዳይመስልህ። ሽቦው የሚንሸራተትበትና ሙቀቱን የሚያወጣበት እሱ ነው። ምጣድ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሽቦው ለሰዓታት ይሞቃል።

ስለዚህ የገዛኸው መሳቢያ ምንም አልበደለህም። ናይለን ብትገዛም እዚያው ዘጠኝ ሜትር ላይ ይቆማል። ቢያልፍልህ ደግሞ ይብስ ነበር።

ምን ታደርጋለህ? እኔ ብሆን ለምጣዱ የራሱን አዲስ ቱቦ እሰጠዋለሁ። ባለ 20፣ በግድግዳው ላይ ከኮርኒሱ በታች ቀጥ ብሎ የሚሄድ። አያምርም ትል ይሆናል። ቀለም ቀባው፣ በሳምንቱ ማንም አያየውም። ግድግዳ መንካት አልፈልግም ካልክ ደግሞ አሮጌውን መስመር አውጣና ቱቦውን ለምጣዱ ብቻ ስጠው። የወጥ ቤቱን ሶኬት ከአጠገቡ ካለው ክፍል የሶኬት መስመር አምጣለት። ባለ 6 የግድ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። 4,000ን ለ220 ስታካፍለው 18 አምፔር ገደማ ነው። ለዚህ ርቀት ባለ 4 ሽቦና ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል። ሦስት ባለ 4 ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ካሬ ያህል ነው የሚይዘው፣ ከመቶ 30። ቱቦው ይተነፍሳል። የመሬት ሽቦውን ግን እንዳታስቀር። «ምጣዱ ድሮም ያለ እሱ ይሠራ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ምጣድ ላይ የሚጎነበሰው እሱ አይደለም፤ እርጥብ እጅ ያላት እናቱ ናት።

ሁለተኛውን መንገድ ከመረጥክ ጉደኛው ነገር መሳቢያ ጭራሽ አያስፈልግህም። መሳቢያ አለህ፣ ቱቦው ውስጥ ተቀምጧል፤ አሮጌው ሽቦ ራሱ ነው። ከጃንክሽን ቦክሱ በኩል የአሮጌዎቹን ጫፍ ከአዲሶቹ ጫፍና ከአንድ ጠንካራ ሲባጎ ጋር እሰር። ከወጥ ቤት በኩል ሳብ። አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ይገባል። ሲባጎው ለምን? አንድ ቀን ሌላ ሰው ወይም አንተው ራስህ ያንን ቱቦ ስትፈልገው ይመርቅሃል። አሮጌዎቹ ሦስቱም አንድ ላይ አልነቃነቅ ካሉ አንዱን ብቻ ለይተህ ሞክር። አንዱ ከወጣ ሁለቱ ይላላሉ።

አስተሳሰር ላይ ቸኩለህ እንዳታበላሸው። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የሽቦዎቹን ልባስ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ላጥ። እኩል አትላጣቸው፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ አጠር ይበል። እኩል ከላጥካቸው ሦስቱም ቋጠሮ አንድ ቦታ ይከማችና እንደ እንቅርት ያብጣል። በመሳቢያው መንጠቆ፣ ወይም እንደ መንጠቆ ባጠፍከው የአሮጌው ሽቦ ጫፍ አስገብተህ ወደ ኋላ እጠፋቸው፣ በፒንሳ ጠምዝዘህ አጥብቃቸው። ከዚያ ናስትሮውን ከፊት ጀምረህ ወደ ኋላ እየሳብክ ጠምጥም። መንጠቆውም ራሱ ይሸፈን። ስትጨርስ አይንህን ጨፍነህ በጣትህ ከፊት ወደ ኋላ ዳስሰው። ጣትህ የሚሰናከልበት ቦታ ካለ ኤልቦው ላይም ይሰናከላል። ፍታና እንደገና ሥራው።

ለማንሸራተት ምን እቀባ የምትለኝ ከሆነ ለሽቦ መሳቢያ ተብሎ የተሠራ ቅባት አለ፤ ከተገኘ እሱ ነው። ካልተገኘ ታልክ ፓውደር፣ ያው ሕፃናት የሚቀቡት፣ ጥሩ ነው። ግሪስ፣ የሞተር ዘይትና ናፍጣ አይነኩትም፤ የፒቪሲውን ልባስ ያበላሹታል። አንዴ አማኑኤል አካባቢ አንድ ልጅ ሽቦውን የኑግ ዘይት ቀብቶ ሲስብ አገኘሁት። በዕለቱማ እንደ ቅቤ ነው የገባለት። የኑግ ዘይት ግን ቆይቶ ይደርቃል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ሽቦ ለመቀየር ስንሞክር ከቱቦው ጋር ተጋብቶ ነበር። አይጥ ደግሞ ከቱቦው አፍ ጀምሮ ልባሱን ግጦታል። ዘይቱን ለወጥ ተወው።

ስትስቡ ሁለት ሁኑ። አንዱ ይሰዳል፣ አንዱ ይስባል። የሚሰደው ሰው ሥራ ከሚስበው ይበልጣል፤ ሽቦዎቹ ሳይጠላለፉ ጎን ለጎን እንዲገቡ በጣቶቹ መካከል ያሳልፋቸዋል። «ሳብ» እና «ቁም» ብቻ ተባባሉ። ሌላ ወሬ አይኑር። በጩኸት መካከል «ጠብቅ» የምትለው ቃል ቁም ይሁን አጥብቅ አይታወቅም፤ በእሷ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተጣልቻለሁ።

ብረት ወይስ ናይለን ላልከው ደግሞ ለወደፊቱ እንዲሆንህ ልመልስልህ። እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ። አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ግን ብረቱን ነው የምይዘው። ምክንያቱ መግፋት ስለሚችል ነው። ጥሩው የብረት መሳቢያ ስፋቱ 3፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የስፕሪንግ ብረት ነው። ረጅም ቱቦ ውስጥ ስትገፋው ጉልበትህን እስከ ጫፉ ያደርሳል። ናይለን ከአሥር ሜትር ካለፈ ቱቦው ውስጥ መጠማዘዝ ይጀምራል። አንተ በዚህ በኩል ግማሽ ሜትር አስገብተሃል፣ በዚያ በኩል ያለው ጫፍ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሌላው ብረት ያወራል። ኮንክሪት ሲነካ «ኳ» ይልና መዳፍህን ይመታሃል። ኤልቦ ላይ ሲደርስ ትገፋዋለህ፣ ቀስ ብሎ ይመልስሃል፤ እንደ ፍራሽ። ሽቦ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሻካራ ነገር ላይ እንደሚጎተት ጥፍር ይንቀጠቀጣል። አንድ ሁለት ወር ከሠራህበት ጫፉ ምን ላይ እንዳለ እጅህ ያውቀዋል። ናይለን ዝምተኛ ነው። ግን በአጭር ርቀት፣ በሸንተረራማ ፍሌክሲብል ቱቦ ውስጥና ኤሌክትሪክ ሊኖር ይችላል ብለህ በምትጠረጥርበት ሁሉ ናይለን ይሻላል። በፍሌክሲብሉ ውስጥ የብረቱ መንጠቆ እያንዳንዱን ሸንተረር ይይዛል፤ የናይለኑ ስፕሪንግ ጫፍ ግን ተንሸራቶ ያልፋል።

አሮጌ የጭቃ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ደግሞ ብረት ፈጽሞ አትላክ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የሽቦ ቋጠሮ ቺፑድ ላይ ተኝቶ አግኝቻለሁ። በፌስታል! እዚያ ላይ ራቁት ብረት መስደድ እባብ ጉድጓድ እጅ እንደመስደድ ነው።

የብረቱ አገፋፍ አጭር አጭር ነው። ከቱቦው አፍ አንድ ስንዝር ራቅ ብለህ ያዝ፣ ያቺን ስንዝር ግፋ፣ እንደገና ያዝ። ክንድ ሙሉ ይዘህ ከገፋህ የሚታጠፈው ከቱቦው ውጭ ያለው ነው። ኤልቦ ላይ ከቆመብህ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብና ግማሽ ዙር አዙረው። ከጥቅሉ የወጣ ብረት የራሱ ጉብጠት አለው፤ ጉብጠቱ ከኤልቦው ጋር አንድ አቅጣጫ ሲሆን ራሱ ይታጠፍና ያልፋል። በአንድ መስመር ላይ ግን አራት ኤልቦ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በላይ ካለ መሃል ላይ ሳጥን መኖር ነበረበት፤ ያኔ ያልተቀመጠውን ሳጥን አሁን ግድግዳ ቆፍረህ ታስቀምጠዋለህ እንጂ በጉልበት አይሆንም።

እውነተኛ መደፈን ሲያጋጥምህ፣ ማለትም ባዶ ቱቦ ሆኖ «ኳ» ሲልህ፣ መሳቢያው ሜትር ይሆንልሃል። የቆመበት ላይ በቱቦው አፍ ልክ ናስትሮ ለጥፍበት፣ አውጣና ለካ። ከሌላው ጫፍም እንዲሁ። ሁለቱ ልኬቶች ሲደመሩ የቱቦውን ርዝመት ካከሉ የተደፈነው አንድ ነጥብ ላይ ነው። ግማሽ ሜትር ከጎደለ ግማሽ ሜትር ሲሚንቶ አለብህ። ከዚያ መሳቢያውን በቱቦው መንገድ ወለል ላይ ዘርጋው። ከሶሌታው በታች የት እንደምትቆፍር ያሳይሃል። አንድ አያ ግንበኛ ይህን ሳደርግ አይተው «በገመድ ጠንቋይ ሆንክ» ብለውኛል። ቆፍረው ሲያገኙት ግን ዝም አሉ።

ከተሰነቀረብህ ደግሞ በምንም አትጎትት። አንድ ሰው መሳቢያውን ከባጃጅ ጋር አስሮ እንደጎተተ ሰምቼ አላመንኩም ነበር፤ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ስድስት ሜትር ብረት ያወጣሁት እኔ ነኝ። የስፕሪንግ ብረት ሲበጠስ ወደ ጎታቹ ነው የሚመለሰው፣ ወደ ፊቱና ወደ ዓይኑ። መነጽር አድርግ። የቆዳ ጓንትም አድርግ፤ ጠርዙ መዳፍ ይቆርጣል።

የታጠፈብህን ጫፍ ለማቃናት አትድከም። አንዴ የታጠፈ ቦታ ሁልጊዜ እዚያው ይታጠፋል። ቁረጠው። ግማሽ ሜትር ብታጣ 19 ሜትር ተኩል አለህ። ግን አዲስ መንጠቆ ስትሠራ ብረቱን እንዲያው በፒንሳ ብታጥፈው እንደ ሸንበቆ ነው የሚሰበረው። መጀመሪያ ማለስለስ አለበት። ከሰል አቀጣጥልና ጫፉን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ክተትበት። እንጅባራ አካባቢ የሚከስለው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ለዚህ ግሩም ነው፣ ቶሎ ይግላል። ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ አውጣና አመድ ውስጥ ቅበረው። ውኃ ውስጥ እንዳትነክረው! ውኃ ያጠነክረዋል፣ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ለጉልበት የሚሮጥ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቀጥቃጭ ጠይቅ፣ ይነግርሃል። ቀስ ብሎ ሲበርድ ይለሰልሳል። ያኔ በፒንሳ ጠበብ ያለ መንጠቆ አድርገህ እጠፈው። የቀረው ጫፍ ወደ ጎን ወጣ እንዳይል አስጠጋው፤ ሹሉንም በሞረድ አደንዝዘው።

ለክረምቱ ደግሞ ይህን አስታውስ። እኛ ጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳ ላብ ያልበዋል፣ ቱቦ ውስጥም ውኃ ይቋጥራል። ከሥራ ስትመለስ መሳቢያውን በደረቅ ጨርቅ እያሳለፍክ ጠቅልለው። የዛገ መሳቢያ ወደ ቱቦው አይንሸራተትም፣ የሽቦ ልባስም ይሞርዳል። ሳሎን ውስጥ አስቀምጠው እንጂ ሚስማርና ሲሚንቶ ያለበት ጓዳ አትጣለው።

ሌላ ፎቅ የምትጨምር ከሆነ ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ ሲባጎ አሳልፍ። ሁለቱንም አፍ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ድፈን፣ በናስትሮ እሰር። አሥር ደቂቃ ነው። ሳታሳልፍ ተሞልቶብህ ከሆነም ተስፋ አትቁረጥ፤ የፌስታል ቁራጭ እንደ ጃንጥላ አድርገህ ከቀጭን ክር ጋር አስረህ ቱቦው ውስጥ አስገባና ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ተውሰህ ንፋበት። ባዶ ቱቦ ከሆነ ክሩ በዚያኛው በኩል ተስፈንጥሮ ይወጣል። ልጆችህ ሲያዩት ይደገምልን ይሉሃል።

አሁን የምታደርገው እንግዲህ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ መብራት ባለበት ቀን ጃንክሽን ቦክሱን ክፈትና አሮጌዎቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቀስ ብለህ ነቅንቃቸው። ሌላ ሰው ወጥ ቤት ሆኖ ጫፋቸው ይንቀሳቀስ እንደሆነ ይመልከት። ከተንቀሳቀሱ ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅብህም። አልነቃነቅ ካሉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝና ከዚያ እንነጋገራለን። ብሬከሩን አውርደህ፣ ቴስተር አስገብተህ ነው ታዲያ።